ልጆቻችሁ የመርከቡን ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት

(ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ አዳራሽ ለጡረተኞችና ለቤተሰቦቻቸው ያደረግሁት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻላችሁ ስለጠየቃችሁኝ እንዳለ አስቀምጬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ እናቶቼ፣ አባቶቼ? እንደምን ዋላችሁ እህት ወንድሞቼ? ከኋላ ይሰማል? ጥሩ። በዚህ ዝናብ ታክሲ ተጋፍታችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሩ ጋ ያላችሁ ልጆች፣ ወንበሩን ለአባቶች ልቀቁላቸው።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ስታዲየም አካባቢ ካለችው ቢሮዬ ትኬት እቆርጣለሁ። ድሮ ሰው ሲመጣ የሚጠይቀኝ ስለ ዱባይ፣ ስለ ዋሽንግተን፣ ስለ ኢየሩሳሌም ነበር። አሁን አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጥቷል። "ልጄ ውጭ አገር ነው ያለው፣ በትልቅ መርከብ ላዝናናሽ ብሎኛል፣ ክሩዝ ነው የሚሉት፣ እስኪ ምን ይሻለኛል?" ይሉኛል እናቶች። ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ "ባሕሩስ?"

ፍርሃቱ ይገባኛል። አብዛኞቻችን ባሕር ያየነው በቴሌቪዥን ነው። ግን በሥራዬ ያየሁትን ልንገራችሁ። የሰው ጉዞ ሲበላሽ ያየሁት ባሕር ላይ አይደለም። የብስ ላይ ነው! ኤምባሲ ደጃፍ፣ ኤርፖርት መስኮት፣ ወደብ በር ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ወረቀት፣ ስለ ጤና፣ ስለ ሰዓት፣ በመጨረሻም ትንሽ ስለ ገንዘብ እናወራለን።

መጀመሪያ ወረቀት። ደግሜ እላለሁ፣ መጀመሪያ ወረቀት።

አንድ አባት ቢሮዬ መጡ። አሜሪካ ያሉት ልጆቻቸው "አባዬ፣ ከማያሚ ተነስተን ባሃማስ ደርሰን እዚያው ማያሚ ነው የምንመለሰው፣ ፓስፖርት እንኳ አይጠይቁም" ብለዋቸዋል። ልጆቹ አልዋሹም። የአሜሪካ ዜጋ ከአንድ ወደብ ተነስቶ ወደዚያው በሚመለስ እንዲህ ያለ ጉዞ ላይ በልደት ሰርተፊኬትና ፎቶ ባለው መታወቂያ መሄድ ይችላል። ግን ይህ ለዜጋው ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዙት አባት መርከቡ ባሃማስ ሲገባ ከአሜሪካ ወጥተዋል። ሲመለሱ እንደ አዲስ ነው የሚገቡት። ታዲያ ቪዛቸው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቢሆንስ? እሱማ መጀመሪያ ማያሚ ኤርፖርት ሲገቡ አለቀ! እኚህ አባት በጊዜ ስለመጡ ተረፉ። ቪዛቸውን አየነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚል ነበር። ልጆቻቸው ጉዞውን ቀይረው ፍሎሪዳ ውስጥ አዝናኗቸው፣ ብሩም አልባከነም።

አውሮፓም ያው ነው። ከባርሴሎና የሚነሳ መርከብ ማርሴይ፣ ጄኖዋ፣ ኔፕልስ ይልና ቱኒስ ሊደርስ ይችላል። ቱኒዚያ ሸንገን ውስጥ፣ ማለትም በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ውስጥ የለችም። ቱርክም የለችም። እዚያ ደርሶ ወደ ስፔን መመለስ ሁለተኛ መግባት ነው። ስለዚህ የሸንገን ቪዛ ስትጠይቁ የመርከቡን መንገድ ዝርዝር ከማመልከቻው ጋር አያይዙና ብዙ ጊዜ የሚያስገባውን ጠይቁ። ቪዛው ሲመጣ ተለጥፎ ደስ ብሎን ብቻ አንመለስ፣ የመግቢያው ብዛት የተጻፈባትን ቦታ እንያት። "እኔ ቱኒስ አልወርድም፣ ክፍሌ ውስጥ እተኛለሁ" ማለት አይሠራም። ወረቀታችሁ ካልተሟላ የመርከብ ድርጅቱ መጀመሪያውኑ አያሳፍራችሁም። ገንዘቡንም አይመልስም።

ፓስፖርታችሁ ከጉዞው በኋላ ቢያንስ 6 ወር ይቅረው። ቢጫ ካርዱንም አትርሱ። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች አንዳንድ ደሴቶች ከኛ አገር ለመጣ ሰው የክትባት ካርድ ይጠይቃሉ። ድሮ በየ10 ዓመቱ ይታደስ ነበር፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን አንዴ የተከተበ ሰው ካርዱ ዕድሜ ልኩን ያገለግለዋል። አዲስ የምትከተቡ ከሆነ ካርዱ የሚጸናው ከ10 ቀን በኋላ ነው። እዚህ ላይ አደራ የምላችሁ፣ ዕድሜያችሁ ከ60 በላይ ሆኖ ተከትባችሁ የማታውቁ ከሆነ ዝም ብላችሁ አትከተቡ፣ ሐኪም አማክሩ። በዚያ ዕድሜ ክትባቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ወረቀትን ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት።

እሺ፣ አሁን ወደ ባሕሩ። ጤና።

እናቴን ይዤ ሜዲትራኒያን ላይ ሄጃለሁ። እናቴ ከመሳፈራችን በፊት ያልተሳለችበት ታቦት የለም። የመጀመሪያው ማታ እራት ላይ ተቀምጠን "መቼ ነው የሚነሳው?" አለችኝ። መርከቡ ከተነሳ ሰዓት አልፎት ነበር! እንደዚህ ነው። የዛሬ ትልልቅ መርከቦች ከውኃው በታች በግራና በቀኝ እንደ ዓሣ ክንፍ የሚዘረጋ ነገር አላቸው፣ መወዛወዙን ይቀንሳል። አንዳንዶቹ መርከቦች እኮ ከተማ ናቸው። በ2024 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው "አይከን ኦፍ ዘ ሲስ" 365 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ 20 ፎቅ አለው።

ማዕበል የለም እያልኳችሁ አይደለም። አለ። በተለይ ብርዱ በሚበረታበት ክረምታቸው ላይ ሜዲትራኒያን ይቆጣል፣ ካሪቢያን ደግሞ የአውሎ ነፋስ ወቅቱ ከጁን እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ነው። ታዲያ ምን ይደረግ? ክፍል ስትመርጡ ዋናው ነገር ቦታው ነው። ልጆች ወላጅ ለማክበር ብለው ከላይኛው ፎቅ፣ ከፊት ለፊት፣ ሰገነት ያለውን ይይዛሉ። እሱ ነው ከሁሉ በላይ የሚወዘወዘው። የመርከቡ ወገብ ላይ፣ ዝቅ ካለው ፎቅ ያዙ። ቢቻል መስኮት ያለው ይሁን። መስኮት የሌለው ክፍል ርካሽ ነው፣ ግን መብራት ሲጠፋ ሌሊትና ቀን አይለይም፣ ለአዛውንት ጥሩ አይደለም። ካቅለሸለሻችሁ ወደ አየር ውጡና ሰማይና ውኃ የሚገናኙበትን መስመር እዩ። ሆዳችሁ ባዶም አይሁን፣ ጥግብም አትበሉ። ደረቅ ዳቦ፣ ዝንጅብል ይረዳል። የማቅለሽለሽ ክኒን ካስፈለገ የሚዋጠው ከመጀመሩ በፊት ነው፣ ከጀመረ በኋላ ብዙም አያደርግም። የዓይን ግፊት ወይም የፕሮስቴት ችግር ያለባችሁ አባቶች ግን ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ እንዳትወስዱት። አደራ!

"እኔ በፍጹም ባሕር አልደፍርም" የምትሉ አላችሁ? እጅ አውጡ እስኪ። አያችሁ፣ ብዙ ናችሁ። ለእናንተ ወንዝ አለ። ግብፅ ውስጥ ከሉክሶር እስከ አስዋን በናይል የሚሄዱ መርከቦች አሉ፣ 3 ወይም 4 ሌሊት ነው። ማዕበል የሚባል ነገር የለም፣ ዳርቻው ከግራም ከቀኝም ይታያል፣ ኤድፉና ኮም ኦምቦ ላይ እየቆሙ የጥንት ቤተ መቅደሶች ያሳያሉ። የግብፅ ቪዛ ከዚሁ ጨርሳችሁ መሄድ ነው። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል፣ አስዋን ከሚደርሰው ውኃ ከ80 በመቶ በላይ የሚነሳው ከኛው አገር ነው። ጣና ላይ በጀልባ ዘጌ የሄዳችሁ ሰዎች፣ ያንኑ ውኃ ነው እዚያ ደግማችሁ የምታገኙት። እኔ ይህን ሳስብ ልቤ ይሞላል።

ወደ እናቴ ልመለስ። በማግስቱ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች። "ምሥራቅ የት ነው?" አለች። መስኮቱን አየሁ፣ ውኃ ብቻ ነው። መርከብ ደግሞ ይዞራል፤ ማታ ምሥራቅ የነበረው ግድግዳ ጠዋት ሌላ ሆኗል። መፍትሔው ክፍሉ ውስጥ ባለው ቴሌቪዥን ነበር። መርከቡ የት እንዳለና ወደየት እንደሚሄድ በካርታ የሚያሳይ ጣቢያ አለ። እናቴ በየማለዳው መጀመሪያ እሱን ታስከፍትና አቅጣጫዋን አይታ ትቆማለች። ሙስሊም ወንድምና እህቶቼም ቂብላ ለማግኘት ይጠቅማችኋል።

ጾምስ? ይህን የማይጠይቀኝ የለም። ክርስቲያን ከሆናችሁ ምክሬ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው 50 ቀን ሂዱ ነው። ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ሐሳብ የለባችሁም፣ የሜዲትራኒያን አየርም በዚያን ጊዜ ደስ ይላል። ነሐሴ ግን ፍልሰታም ነው፣ ሙቀቱም ዋጋውም ሰማይ ነው። በጾም ከሄዳችሁ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ዓሣም እንደማትበሉ ትኬቱ ሲቆረጥ አስመዝግቡ፣ የመጀመሪያው ማታ ደግሞ ለአስተናጋጁ ንገሩት። የነገውን ዝርዝር ዛሬ ማታ አምጥቶ ያስመርጣችኋል። ሐላል የምትፈልጉም እንዲሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ደርሶ መጠየቅ አያዋጣም።

አሁን የቡና ነገር። አንዲት እናት ረከቦቷን፣ ጀበናዋን፣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ከሰልና ዕጣን ይዛ ሄደች። መርከቡ መግቢያ ላይ ፈተሹና ምድጃውን፣ ከሰሉን፣ ዕጣኑን ያዙባት። አልቅሳ ደወለችልኝ። የሚያሳዝን ነው፣ ግን ሰዎቹን አልፈርድባቸውም። መርከብ ላይ ከማዕበል ይልቅ የሚፈራው እሳት ነው። ከሰል፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ ካውያ፣ የውኃ ማፍያ አይገባም። ክፍሉ ጭስ ከሸተተው ደወሉ ይጮኻል። ምግብም እንዲሁ ነው፦ ቤት የተሠራ ወጥ አይሆንም። ቋንጣማ ጭራሽ አትሞክሩት፣ በየወደቡ ጉምሩክ ያጣላችኋል። በፋብሪካ የታሸገ ደረቅ ነገር ይሻላል። እሱንም ከመርከብ ይዛችሁ አትውረዱ።

መድኃኒት። የስኳርና የግፊት መድኃኒታችሁን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ! ሻንጣውን ወደቡ ላይ ይቀበሏችኋል፣ ክፍላችሁ የሚደርሰው ማታ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት በእጅ ቦርሳ፣ ከነማሸጊያው፣ ከሐኪም ደብዳቤ ጋር፣ ከጉዞው ቀን ተረፍ አድርጋችሁ። መርከብ ላይ ሐኪም አለ። ግን ክፍያው የውጭ አገር ክፍያ ነው፣ መጀመሪያ ከናንተ ይቆርጣል፣ ከኢንሹራንስ የምትጠይቁት በኋላ ነው። ሰው በጠና ታሞ በሄሊኮፕተር ቢወሰድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊመጣ ይችላል። ለሸንገን ቪዛ ብለን የምንገዛው ኢንሹራንስ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። ጥሩ ነው። ግን ሽፋኑ ቱርክና ግብፅ ላይ ይሠራል? የመርከብ ጉዞን ይጨምራል? ወረቀቱን ከመፈረማችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

ጤና ላይ እያለን፣ እጅ መታጠብ። መርከብ ላይ በቡፌ የሚተላለፍ የሆድ ቫይረስ አለ፣ ኖሮቫይረስ ይባላል። በር ላይ የሚረጩላችሁ አልኮል ለእሱ ብዙም አይበቃም፣ ሳሙናና ውኃ ነው የሚያስለቅቀው። እኛ እኮ ሳይታጠብ ማዕድ የማይቀርብ ሕዝብ ነን። ያንን ልማድ እዚያም ይዘን እንሂድ!

ስለ አደጋ ልምምዱም እዚሁ ልናገር። ስትሳፈሩ የአደጋ ጊዜ መሰብሰቢያችሁን ያሳዩዋችኋል። አንዳንድ ሰው "ደክሞኛል፣ ይለፈኝ" ይላል። አይለፋችሁ። በጃንዋሪ 13 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. "ኮስታ ኮንኮርዲያ" የሚባል መርከብ ጣሊያን ውስጥ ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ድንጋይ መታ፣ 32 ሰው ሞተ። በዚያው ቀን የተሳፈሩት መንገደኞች ገና ልምምዱን አላደረጉም ነበር። ከዚያ በኋላ ዓለም አቀፉ ሕግ ጠበቀና ልምምዱ መርከቡ ሳይነሳ ወይም እንደተነሳ ወዲያው እንዲሆን ተደረገ። 7 አጫጭር ጩኸት፣ ቀጥሎ 1 ረጅም፣ ይህን ስትሰሙ ወደ መሰብሰቢያችሁ ሂዱ። ሻንጣ የለ፣ ምን የለ። እናንተና መድኃኒታችሁ ብቻ።

አሁን ሰዓት። ወጣቶች ይህን ለወላጆቻችሁ ደግማችሁ ንገሯቸው።

መርከብ አይጠብቅም። ኔፕልስ ወደብ ላይ ከላይኛው ፎቅ ቆመን ያየሁት አሁንም ፊቴ ላይ አለ። ባልና ሚስት ናቸው፣ የየት አገር ሰዎች እንደሆኑ አላውቅም። ገዝተው የመጡትን ከረጢት በሁለት እጃቸው ይዘው ይሮጣሉ። መወጣጫው ተነስቷል። የወደቡ ሠራተኞች ወፍራሙን ገመድ ከብረቱ ላይ አውጥተው ውኃ ውስጥ ጣሉት። ሴትዮዋ ከረጢቱን አስቀምጣ እጇን አወዛወዘች። መርከቡ ቀስ ብሎ ራቀ። እናቴ "ኧረ ለነዚህ ሰዎች አቁሙላቸው!" እያለች ክንዴን ይዛ ቀረች።

ለኛ ሰው ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው። ለምን? ሰሌዳው ላይ "እስከ 4፡30 ተመለሱ" ይላል እንበል። የነሱ 4፡30 ከሰዓት በኋላ የኛ 10፡30 ነው። እናቶቼ የእጅ ሰዓታችሁ ላይ ያለው የኛ አቆጣጠር ነው። ልጅ "4፡30" ብሎ ሲነግራት "ገና ነው፣ ማታ ነው" የምትል እናት አለች። ስለዚህ ከመውረዳችሁ በፊት የመመለሻውን ሰዓት በኛ አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። ሌላም አለ። ስልክ በየአገሩ ሰዓቱን ራሱ ይቀይራል፣ መርከቡ ግን ላይቀይር ይችላል። የሚሠራው የመርከቡ ሰዓት ነው። ከመነሻው አንድ ሰዓት አስቀድማችሁ ተመለሱ። የቀኑን ፕሮግራም ወረቀት ደግሞ ይዛችሁ ውረዱ፣ ወደቡ ላይ ያለው ወኪል ስልክ እዚያ ላይ ተጽፏል። በመርከቡ ድርጅት አስጎብኚ ከሄዳችሁ ቢዘገይም ይጠብቃችኋል፣ በራሳችሁ ታክሲ ከሄዳችሁ ግን አይጠብቅም።

ወደ መነሻው ከተማም በዚያው ቀን አትብረሩ። ከቦሌ የሚነሳው በረራ ቢዘገይ መርከቡ አያውቅላችሁም። ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ግቡ። የአንድ ሌሊት ሆቴል ከጠቅላላው ጉዞ መጥፋት ይረክሳል።

እግር የሚያማችሁ፣ ሁሉም ወደብ መርከቡ ተጠግቶ የሚቆምበት አይደለም። የግሪኳ ደሴት ሳንቶሪኒ ላይ ለምሳሌ በትንሽ ጀልባ ነው የሚያወርዱት፣ ከዚያ ወደ ከተማው ሽቅብ ነው፣ ለዚያ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚወጣ ኬብል ካር አለ። ልጆች ይህን ቀድማችሁ እዩላቸው።

ገንዘብ በአጭሩ። መርከብ ላይ ጥሬ ብር አይሠራም፣ በክፍሉ ካርድ ነው ሁሉ ነገር የሚመዘገበው። የልጅ የባንክ ካርድ ከተመዘገበ ወላጅ ሳያውቅ ይቆጥራል። ትኬቱ ሁሉን ያካትታል ተብሎ ሲነገር አትመኑ። ቲፕ በብዙ መርከቦች ላይ በሰው በቀን ተሰልቶ ራሱ ይቆረጣል። ለስላሳ መጠጥና ዋይፋይ ብዙ ጊዜ ለብቻ ነው። ልጆች፣ እነዚህን አስቀድማችሁ ክፈሉላቸው፣ እናት አንድ ኮካ ለማዘዝ መጨነቅ የለባትም። ስልካቸውን ደግሞ ከመነሳቱ በፊት ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። ባሕር መሃል የሚይዘው የመርከቡ ኔትወርክ ሒሳቡ ያስደነግጣል።

አንዲት ነገር ቀርታኛለች፣ የመጨረሻው ማታ። ሻንጣችሁን ማታውኑ በር ላይ አውጡ ይሏችኋል፣ ጠዋት ወደቡ ላይ ታገኙታላችሁ። ታዲያ ሁሉን ጠቅልለው አውጥተው ጠዋት የሚለብሱት ያጡ አሉ። የጠዋት ልብስ፣ ጫማ፣ ፓስፖርትና መድኃኒት ክፍላችሁ ይቅር።

በሉ፣ እኔ ብዙ አወራሁ። የትኬት ወረቀት ይዛችሁ የመጣችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፣ ቪዛችሁን አብረን እናያለን። ከኋላ እጅ ያወጡት አባት፣ ይናገሩ፣ ማይኩን ስጧቸው።